የድሮ ቅንጡ መኪና አይቶ ፎቶ ማንሳት፦ እኔ ቅዳሜ ጠዋት እንደማደርገው

የድሮ መኪና ፎቶ ያሳየሁት ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "ካሜራህ ምንድነው?" ብሎ ነው፣ ግማሹን በስልክ ነው ያነሳሁት ስላቸው ደሞ አያምኑኝም። የነዚህ መኪኖች ፎቶ የሚበላሸው ባብዛኛው መኪናው መስታወት መሆኑን ስለምንረሳ ነው። ኒኬሉ መስታወት፣ ቀለሙ መስታወት፣ ኮፈኑ መስታወት። ፊቱ የቆመውን ሁሉ ያሳያል፣ ዛፉንም ሰማዩንም አጠገቡ የቆመችውን ቶዮታም አንተንም። እኔ መጀመሪያ ሰሞን አንድ ጥቁር ሮልስ ሮይስ አርባ ጊዜ አንስቼ ደስ ብሎኝ ቤት ገብቼ ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ ሳየው በአርባውም በሩ ላይ ብርቱካናማ ጃኬት የለበሰ ሰውዬ አጎንብሶ ቆሟል። እኔ ነኝ። እንግዲህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዛ ጃኬት በኋላ የተማርኩት ነው።

የምኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው፣ ከሰኞ እስከ አርብ ሰው ሳመላልስ እውላለሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት ግን ግሬት ፎልስ ነኝ። እዛ ኬቲስ የሚባል ቡና ቤት አለ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሰዎች መኪኖቻቸውን እያመጡ ፓርኪንጉ ላይ ይደረድራሉ፣ ካርስ ኤንድ ኮፊ ነው የሚሉት፣ ቡናህን ይዘህ መዞር ነው። እንደዚህ ዓይነት የጠዋት ስብሰባ በብዙ የአሜሪካ ከተማ አለ፣ ፈልጉ ታገኛላችሁ። ካሊፎርኒያ ያላችሁ ደሞ ዕድለኞች ናችሁ፣ በፈረንጆቹ ከ1950 ጀምሮ የሚደረገው የፔብል ቢች ኮንኩር፣ የድሮ መኪኖች የቁንጅና ውድድር በሉት፣ በኦገስት ነው፣ ቲኬቱ ኪስ ይጎዳል ግን የዛን ሳምንት ሞንትሬይና ካርሜል መንገድ ዳር ቆሞ ብቻ ብዙ ነገር በነጻ ይታያል። ጀርመን ያለ ሰው ሽቱትጋርት የማርቼዲስ ሙዚየም ሳይሄድ እንዳይመለስ። አዲስ አበባ ያላችሁ ደሞ በየሰፈሩ ጋቢ እንደለበሰ ሽማግሌ ሸራ ለብሳ የቆመች ማርቼዲስ አታጡም፣ ባለቤቱን ሰላም በሉት።

ደረጃ 1፦ አንድ መኪና ምረጡና እወቁት

ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል። የማታውቀውን መኪና ስታነሳ የት ቆመህ ማንሳት እንዳለብህ አታውቅም፣ በቃ እንደ ፖሊስ ከፊትም ከኋላም ከጎንም አንስተህ ትሄዳለህ። እኔ የጀመርኩት በፓጎዳዋ ነው። ማርቼዲስ ከ1963 እስከ 1971 በፈረንጆቹ የሠራት ባለ ሁለት ሰው መኪና ናት፣ 230፣ 250 እና 280 ኤስኤል ይባላሉ። ፓጎዳ የተባለችው የሚነሳው ጠንካራ ጣራዋ መሃሉ ረገብ ጠርዙ ቀና ስላለ የሩቅ ምሥራቅ ቤተ መቅደስ ጣራ ስለሚመስል ነው። ይሄን ስታውቅ ምን ይሆናል መሰላችሁ፣ ከላይ ወደታች ካነሳሃት ያ ረገብ ያለው ጣራ ጠፍቶ ተራ ጣራ ይሆናል፣ ከፊት ወይ ከኋላ ቀጥ ብለህ ከጣራዋ ትንሽ ዝቅ ብለህ ስታነሳት ግን መስመሩ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ስም የሰጣትን ነገር አነሳህ ማለት ነው።

ሌላ ምሳሌ የማርቼዲስ 300 ኤስኤል፣ በሮቿ እንደ ክንፍ ወደ ላይ የሚከፈቱት። ለውበት ይመስላል፣ ግን መነሻው ችግር ነው፣ አጽሟ ከቀጫጭን የብረት ቱቦ የተበየደ ስለሆነ ቱቦው በጎን በኩል ከፍ ብሎ ያልፋል፣ ተራ በር ሊገጠምላት አልቻለም። በ1954 ነው የወጣችው፣ ባለ ክንፏ የተሠራችው 1,400 ብቻ ናት። ታዲያ ሰው ሁሉ ክንፏን ብቻ ያነሳል፣ እኔ የምወደው ያንን ወፍራም የበር ደፍ ነው፣ ክንፉ የመጣው በሱ ምክንያት ስለሆነ። ባለቤቱ ሲገባ ሲወጣ እግሩን እንዴት እንደሚያነሳ አይታችሁ እሱን ያዙ፣ መሪው ራሱ እግር እንዲያሳልፍ ወደ ታች ይታጠፋል።

የ1959ኙ ካዲላክ ከኋላ ነው፣ ያ የሻርክ ክንፍ የመሰለው ጭራና ጥንድ ጥይት የመሰሉት መብራቶች እያሉ ፊቱን የሚያነሳ ሰው አይገባኝም። በ1961 የወጣው የጃጓር ኢ ታይፕ ደሞ ርዝመቱ ሁሉ ኮፈን ስለሆነ ጎኑን ነው።

እዚህ አሜሪካ የሚጠቅማችሁ ትንሽ ሚስጥርም ልጨምር። አሜሪካ እስከ 1983 ድረስ የፊት መብራት እንደ አምፖል የታሸገ ወጥ ዓይነት እንዲሆን ታስገድድ ነበር፣ ስለዚህ ለዚህ ገበያ የመጡት ማርቼዲሶች ክብ ክብ መብራት ነው ያላቸው፣ ለአውሮፓ የተሠሩት ግን በአንድ መስታወት የተሸፈነ ረዘም ያለ መብራት አላቸው። እኔ አዲስ አበባ ካደግኩባቸው ማርቼዲሶች ጋር እዚህ ያሉት ለምን ፊታቸው እንደማይመሳሰል ዓመት ሙሉ ግራ ገብቶኝ ነበር። ከ1968 ወዲህ ደሞ ጎናቸው ላይ ትንሽ መብራት ወይ አንጸባራቂ መኖር ነበረበት፣ በኋላም ፓራውልታቸው በሕግ ምክንያት እንደ ግንድ ወፈረ። እነዚህን ካወቃችሁ መኪናው ለየትኛው አገር እንደተሠራ ከሩቅ ታውቃላችሁ፣ ባለቤቱን "ይሄ ከአውሮፓ ነው አይደል የመጣው?" ብላችሁ ስትጠይቁት ፊቱ እንዴት እንደሚበራ እዩት።

ደረጃ 2፦ በጊዜ ድረሱ

ሰመር ላይ ፀሐይ 6 ሰዓት አካባቢ ትወጣለች፣ በኛ አቆጣጠር 12 አካባቢ ማለት ነው። ከሷ በፊት ወይ ከሷ ጋር እኩል ድረሱ። ሁለት ምክንያት አለው፣ አንዱ ብርሃኑ ነው፣ ሁለተኛው ደሞ ሰው ሳይበዛ ነው፣ ከጠዋቱ 8 ሰዓት፣ በኛ ከ2፣ በኋላ በየመኪናው ዙሪያ አስር ሰው ይቆማል፣ በኒኬሉ ውስጥ ደሞ ሃያ ይሆናሉ። ደመና ከሆነ አትቅሩ፣ ጥላ የሌለው ለስላሳ ብርሃን ለመኪና ምርጥ ነው፣ በተለይ ለጥቁር። ቀትር ላይ ግን አርፋችሁ ቡናችሁን ጠጡ።

ደረጃ 3፦ መጀመሪያ እጅ ኪስ ውስጥ

አስር ደቂቃ ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ይቆይ። ዙሩ፣ እዩ። በሩና ፓራፋንጎው መሃል ያለው ክፍተት ከላይ እስከ ታች እኩል ነው ወይ? እኩል ከሆነ ወይ ሳይጋጭ ኖሯል ወይ ጎበዝ ባትሊሜራ ነክቶታል። ጎኑን ከመብራቱ ጀምሮ በዓይናችሁ ወደ ኋላ ተከተሉት፣ ነጸብራቁ ሳይሰበር እንደ ክር ቀጥ ብሎ ከሄደ ላሜራው ጤነኛ ነው፣ ከተወላገደ ስቱኮ አለ። ውስጡን በመስኮት እዩ፣ የቆዳ ወንበሩ የሹፌሩ ጠርዝ ላይ ብቻ ከተላጠ ያ የስልሳ ዓመት መቀመጫ ነው፣ አዲስ ቆዳ ከማየት እሱን ማየት ይሻለኛል። ጆሯችሁንም ተጠቀሙ፣ የድሮ ማርቼዲስ በር ሲዘጋ የሚያሰማው ድምፅ ወፍራም መጽሐፍ ሲከደን ይመስላል።

አንድ ጊዜ ማርቼዲስ 600 መጣ፣ ያ ከ1963 እስከ 1981 የተሠራው ግዙፉ፣ በጠቅላላ 2,677 ብቻ ናቸው። ባለቤቱ መስኮቱን በቁልፍ ሲያወርደው ድምፅ የለም፣ ሞተር የለም፣ ዝም ብሎ ቢላ ቅቤ ውስጥ እንደሚገባ ወረደ። መስኮቱም ወንበሩም የሚንቀሳቀሰው በኤሌክትሪክ ሳይሆን በዘይት ግፊት ነው፣ ጣትህ ብትያዝ ምህረት የለውም አለኝ። አጠገቤ የነበሩ አንድ ጋሼ ደሞ የአገራችን ሰው ናቸው፣ መኪናውን ዝም ብለው አይተው አይተው "ጃንሆይ በሮልስ ሮይስ ሲሄዱ ኖረው በመጨረሻ የወሰዷቸው በቮልስ ነው" አሉ። እውነት ነው፣ መስከረም 2 ቀን 1967፣ በኛ አቆጣጠር። ከዛ በኋላ መኪናውን ሳነሳ እንደ ድሮው አላነሳሁትም፣ የኋላውን ባዶ ወንበር ነው ያነሳሁት።

ደረጃ 4፦ ባለቤቱ

ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ከመኪናው ሦስት ሜትር ርቆ ጨርቅ ይዞ የቆመው ሰውዬ ነው። ሰላም በሉት፣ ፎቶ ላንሳ ወይ በሉት፣ እምቢ ሲል አላየሁም። መጀመሪያ "ስንት ያወጣል?" አትበሉ፣ ልክ ሰው ቤት ገብቶ ቤቱን ስንት ገዛኸው እንደማለት ነው። "ካንተ ጋር ስንት ዓመቱ ነው?" በሉት፣ ከዛ ዝም ብላችሁ ስሙ። ከዛ እሱ ራሱ ኮፈኑን ይከፍትላችኋል፣ በሩን ይከፍታል፣ ቀስ ብሎ ፊት ጎማውን እንዲያዞርላችሁ ብትጠይቁት ያዞራል። የሻንሲው ቁጥርና የሞተሩ ቁጥር ከፋብሪካ እንደወጣ የሚገጥም ከሆነ እሱንም ሳትጠይቁት ይነግራችኋል፣ ከልጁ በላይ ነው የሚኮራበት።

አትንኩ። በሩን አትክፈቱ፣ አትደገፉ፣ ቡናችሁን ጣራው ላይ አታስቀምጡ፣ እኔ ያየሁት ነው። የኔ ጥፋት ደሞ ይሄ ነበር፣ የማርቼዲሱን ኮከብ በቅርብ ለማንሳት ጎንበስ ስል የካሜራው ማንገቻ ተንጠልጥሎ ብረቱ ኮፈኑን ሊነካ አንድ ጣት ሲቀረው ሰውዬው የጮኸው ጩኸት እስከዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ስለዚህ ማንገቻውን እጃችሁ ላይ ጠቅልሉት፣ የቀበቶ ብረት ወደ ጎን አዙሩት ወይ ሸሚዙን አውጡበት፣ ቦርሳ በጀርባ ይዛችሁ በሁለት መኪና መሃል አትለፉ፣ ልጅ ከያዛችሁ እጁን ያዙት። ልብስ ደሞ ጥቁር ወይ ግራጫ። ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ደረጃ 5፦ ራቁ፣ ዝቅ በሉ

ሰው በስልክ መኪና ሲያነሳ ሁለት እርምጃ ቀርቦ በዜሮ ነጥብ አምስቱ፣ በሰፊው ሌንስ ማለት ነው፣ ያነሳል፣ ከዛ የጃጓሩ ኮፈን ዱባ ይሆናል፣ የኋላው ደሞ የሌላ ትንሽ መኪና ይመስላል። ወደ ኋላ ሂዱ፣ አስር አስራ አምስት እርምጃ፣ ከዛ 2 ጊዜ ወይ 3 ጊዜ ዙም የሚለውን ተጠቀሙ። ካሜራ ያላችሁ ከ50 እስከ 85 ሚሊሜትር ባለው ሌንስ፣ ቦታ ካለ ከዛም በላይ። መኪናው የራሱን ቅርጽ የሚይዘው ያኔ ነው።

ከፍታው ደሞ የፊት መብራቱ ነው። ተንበርከኩ። ቆማችሁ በዓይናችሁ ልክ ካነሳችሁት መኪናው ትንሽ ይሆናል፣ ጣራውና አስፋልቱ ብቻ ነው የሚበዛው። በጣም መሬት ላይ ከተኛችሁ ደሞ ጭራቅ ይመስላል፣ ለካዲላክ ይሄዳል፣ ለፓጎዳ ግን አይሄድም።

ከፊት ለፊት ጥግ ሆናችሁ ፊቱንም ጎኑንም የምታዩበት ቦታ ላይ ቁሙ፣ ፊቱ አንድ እጅ ጎኑ ሁለት እጅ ቢሆን ጥሩ ነው። ጎማው እንዲዞር ካስደረጋችሁ ቸርኬው ወደናንተ ይዙር፣ የጎማው ጥርስ ወደናንተ ከዞረ ፎቶው የጎሚስታ ማስታወቂያ ነው የሚሆነው። ከኋላ ያለውንም እዩ፣ ከጣራው ላይ የመብራት ምሰሶ በቅሎ የቆሻሻ ገንዳ ከኮፈኑ ጎን ብቅ ብሎ ብዙ ፎቶ ጥያለሁ። ግማሽ እርምጃ ወደ ግራ ብትሄዱ ይጠፋ ነበር።

ደረጃ 6፦ ነጸብራቁ

እዚህ ጋ ነው ጨዋታው ያለው፣ ቀስ በሉ። ቦታችሁን ከያዛችሁ በኋላ መኪናውን ማየት አቁሙና መኪናው ላይ የሚታየውን እዩ። በሩ ላይ ምን አለ? ሌላ መኪና ከሆነ ዝቅ በሉ ወይ ተራመዱ፣ ብዙ ጊዜ 20 ሳንቲሜትር ዝቅ ማለት ብቻ መኪናውን አጥፍቶ ሰማዩን ያመጣል። የምትፈልጉት አንድ ለስላሳ ነገር ነው፣ ባዶ ሰማይ፣ ረጅም ግድግዳ፣ የዛፍ መስመር። ሰማዩና መሬቱ የሚገናኙበት መስመር በመኪናው ጎን ላይ ከፊት እስከ ኋላ ሳይቆራረጥ ከሄደ፣ በቃ አግኝታችኋል፣ የመኪናውን ቅርጽ የሚናገረው ያ መስመር ነው።

ካሜራ ያለው ሰው አንድ ነገር ብቻ ግዛ ብትሉኝ ፖላራይዘር ፊልተር እለዋለሁ። ሌንሱ ላይ ገጥማችሁ ታዞሩታላችሁ፣ ስታዞሩት የፊት መስታወቱ ላይ ያለው ሰማይ ይጠፋና ውስጡ ያለው መሪ ይታያል፣ ቀለሙም ይጠልቃል። ስልክ ያላችሁም ፊልተሩን በእጃችሁ ሌንሱ ፊት ይዛችሁ ማዞር ትችላላችሁ፣ እኔ አደርገዋለሁ፣ ሰው ይስቃል። ግን ሦስት ነገር እወቁ። ባዶ ብረት ላይ አይሠራም፣ ስለዚህ የኒኬሉ ብልጭታ እንዳለ ይቆያል፣ ፊልተሩ ተበላሽቷል ብላችሁ አትመልሱት። ሁለተኛ ኮፈኑን ሲያጠራላችሁ በሩን ላያጠራ ይችላል፣ ማዕዘናቸው ስለሚለያይ፣ ትሪፖድ፣ ባለ ሦስት እግሩ የካሜራ ማቆሚያ፣ ካለ ሁለት አንስቶ በኋላ ማዋሃድ ነው። ሦስተኛ የጎንና የኋላ መስታወቶች ላይ አንዳንዴ እንደ ነብር ነጠብጣብ ያወጣል፣ መስታወቱ ሲጠነክር በሙቀት ያለፈበት ነው፣ ትንሽ መልሳችሁ አዙሩት። ሙሉ በሙሉ ነጸብራቁን አታጥፉት ደሞ፣ ነጸብራቅ የሌለው መኪና ፕላስቲክ ይመስላል።

ደረጃ 7፦ ቁጥሮቹ

ባጭሩ። ሙሉ መኪና ከሆነ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ከ5.6 እስከ 8፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100 ወይ 200፣ በሮው ፎርማት፣ ካሜራው ሳይነካካው በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል ማለት ነው። ካሜራው በራሱ ከሄደ ጥቁር መኪናን ግራጫ ነጭ መኪናንም ግራጫ ያደርገዋል፣ ስለዚህ ብርሃኑን ለጥቁር ወደ ታች ለነጭ ወደ ላይ አንድ ሁለት ጭረት አድርጉ፣ ኒኬሉ ላይ ግን ነጩ እንዳይቃጠል። ስልክ ላይ መኪናውን ነክታችሁ ያዙና ፀሐይ የምትመስለዋን ወደ ታች ሳቡ። የስልኩን ሌንስ በሸሚዛችሁ ጥረጉት፣ ቀልዴን አይደለም፣ የደበዘዘ ፎቶ ግማሹ የጣት ቅባት ነው። ጀርባውን የሚያደበዝዘውን ፖርትሬት ሞድ አትጠቀሙ፣ አንቴናውን ይቆርጠዋል፣ ስፖኪዮውን ይበላዋል፣ ኮከቡንም ግማሹን ያደበዝዘዋል።

ደረጃ 8፦ ትናንሽ ነገሮች

ሙሉ መኪናውን ሁሉም ያነሳል። እኔ ቤት ገብቼ ደግሜ የማያቸው ግን ትንንሾቹን ነው፣ የእንጨት ዳሽቦርዱን ሥር፣ የሬዲዮውን ቁልፍ፣ የኪሎሜትር ቆጣሪውን፣ ሮልስ ሮይስ አናት ላይ ያለችውን ሴትዮ፣ ቻርልስ ሳይክስ የሚባል ቀራጭ በ1911 የሠራት ናት፣ ልብሷ ወደ ኋላ የሚበር ስለሆነ ከጎን አንሷት፣ ከፊት ካነሳችኋት ምን እንደሆነች አይታወቅም። ለነዚህ ኤፍ 2.8 ወይ 4 በቂ ነው። የቸርኬው ኒኬል ሽፋን ግን ክብ መስታወት ስለሆነ ቀጥ ብላችሁ ካነሳችሁት መሃሉ ላይ እናንተ አላችሁ፣ ከጎን ግቡበት።

ደረጃ 9፦ ሲወጡ

ጠዋት 9 ሰዓት አካባቢ፣ በኛ 3፣ መኪኖቹ መሄድ ሲጀምሩ መውጫው ጋ ቁሙ፣ መንገዱ ላይ ሳይሆን ዳር። እዚህ ጋ የሚሳሳቱት በጣም በፈጣን ሹተር (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) በማንሳት ነው፣ በ1/1000 ሴኮንድ ካነሳችሁት ጎማው ቆሞ መኪናው መንገድ መሃል የተበላሸ ይመስላል። 1/125 ጀምሩ፣ እጃችሁ ሲለምድ 1/60። መኪናውን ከሩቅ ያዙት፣ ወገባችሁን አዙሩ እንጂ እጃችሁን ብቻ አታዙሩ፣ እየተከተላችሁ አከታትሉ፣ ከሃያው አንዱ ይወጣል፣ መኪናው ቁልጭ ብሎ ጀርባው ይሮጣል። አስራ ዘጠኙን ሰርዙ፣ የሁሉም ሰው እንደዛ ነው።

መኪናው ለብቻው ከተገኘላችሁ

የጓደኛ መኪና ወይ ሠርግ ከሆነ ሰዓቱን መምረጥ የናንተ ነው። ፀሐይ ከገባች በኋላ ያለውን 15 ወይ 20 ደቂቃ ምረጡ፣ ሰማዩ እንዳለ አንድ ትልቅ መብራት ይሆናል፣ ጥላ የለም፣ ኒኬሉ ሰማያዊና ብርቱካናማ ይይዛል። ቦታው ባዶ ፓርኪንግ፣ ጀርባው ተራና ጨለም ያለ። ትሪፖድ የግድ ነው። መኪናው የፓርኪንግ መብራቱን ብቻ ያብራ፣ ዋናውን ካበራ ሁሉን ያቃጥለዋል። ሠርግ ላይ ግን ሐቁን ልንገራችሁ፣ አስር ደቂቃ ነው የሚሰጧችሁ፣ ሚዜዎቹ ይጮሃሉ፣ ቪዲዮ የሚቀርጸው ልጅ ቦታችሁ ላይ ይቆማል፣ ኮፈኑ ላይ ደሞ አበባና ሪባን ተለጥፎበታል። ሙሽሮቹ ሳይመጡ ሹፌሩን ቀድማችሁ ያዙት፣ መኪናውን ለብቻው ያን ጊዜ ጨርሱት፣ አበባው በቴፕ ሳይሆን በክር ይታሰር ዘንድም ለቤተሰብ ሹክ በሉ፣ የድሮ ቀለም ከቴፕ ጋር አብሮ ይነሳል።

መጨረሻ፦ ቤት ገብታችሁ

ፎቶው ተጣሞ ከሆነ አቃኑት። ቀለሙን አታጋንኑ፣ የድሮ ክሬም ቀለም በስልክ በራሱ ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ ዛፍ ሥር የቆመ ነጭ መኪና ደሞ አረንጓዴ ይመታበታል፣ ዋይት ባላንሱን፣ ነጩን ነጭ የሚያደርገውን ማስተካከያ፣ ብቻ ብታስተካክሉ ግማሹ ሥራ አለቀ። ወፍ የጣለችውን፣ ቅጠሉን፣ አስፋልት ላይ ያለውን የሲጋራ ቁራጭ አጥፉ። የቆዳውን ስንጥቅ ግን አታጥፉት በናታችሁ።

ከመለጠፋችሁ በፊት ታርጋውን ሸፍኑ። ሰውዬው የት እንደሚያቆማትም አትጻፉ፣ መኪናዋ በዋጋ ከቤቱ ልትበልጥ ትችላለች። ከዛ ጥሩዋን አንዷን መርጣችሁ ለባለቤቱ ላኩለት፣ እኔ ለፓጎዳዋ ሰውዬ አሳትሜ ነው የሰጠሁት፣ 12 ዶላር አወጣብኝ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ቁልፉን አውጥቶ "ና ጣራውን አብረን እናንሳው" አለኝ።